ዊኒኮትን ከክላይን ወገን ልመድበው ወይስ ለብቻው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ልጆች የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁና እባካችሁ እርዱኝ። የሥነ ልቦና ተንታኟ ሜላኒ ክላይን ለምታክመው ልጅ ትንንሽ መጫወቻዎች ታቀርብለትና ጨዋታውን አዋቂ ታካሚ የመጣለትን ሁሉ ሳይመርጥ እንደሚናገረው ቆጥራ ትተረጉመዋለች። የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅና ራሷም የልጆች ተንታኝ የሆነችው አና ፍሮይድ ይህን በ1927 ተቃወመች፤ ሁለት መጫወቻ መኪኖችን ያጋጨ ልጅ ድብቅ ስሜቱን ሳይሆን መንገድ ላይ ያየውን ግጭት እየደገመ ሊሆን ይችላል አለች። ልጁም ገና በወላጆቹ እጅ ስለሆነ ለወላጆቹ ያለውን ስሜት ሙሉ በሙሉ ወደ ሐኪሙ አያዞርም ትላለች። እኔን የአና ሐሳብ ያሳምነኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ለንደን ላይ የብሪታንያን የሥነ ልቦና ተንታኞች ማኅበር ለሁለት ሊከፍለው የደረሰው የሁለቱ ወገኖች ክርክርም ገብቶኛል። ያስቸገረኝ እንግሊዛዊው የልጆች ሐኪምና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት ነው። ከክላይን ብዙ ተምሯል፤ ግን ትርጓሜ ባይኖርም መጫወቱ ራሱ ይፈውሳል ይላል። አማካሪዬ ከክላይን ሥር አስገባው ብለውኛል፣ እኔ ደግሞ ልቤ አልተቀበለውም። በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛው ነጥብ ተነስቼ ልለየው?