ለጥናት ተብሎ የተሰጠ የአምፌታሚን ክኒን የልብ ሕመም ላለበት ተማሪ ያሰጋዋልን?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 18 ሲሆን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመውሰድ እየተዘጋጀ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አክስታችን ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ነበር። ስትመለስ፣ ለልጇ በሐኪም ከታዘዘለት መድኃኒት ከፊሉን «ትኩረት ይሰጣል፤ የእኔንም ልጅ የለወጠው ይኸው ነው» ብላ ለወንድሜ ትታለት ሄደች። ክኒኑ ክብና ብርቱካናማ ነው። ጠርሙሱ ላይ «አዴራል 20 ሚሊ ግራም» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ከሥሩም በደቃቁ አምፌታሚን የሚል ስም ተጽፏል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ፊዚክስ ሲሠራ ያድራልና። አሁን ግን የቀረበለትን ምሳ እንዳለ ይመልሳል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ከትናንት በስቲያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሳየው፣ አንድን ምዕራፍ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ወደ ሌላ ደብተር እየገለበጠ ነበር። ደብተሮቹን ስቆጥር ያንኑ ምዕራፍ የገለበጠው ለአራተኛ ጊዜ መሆኑን ተረዳሁ። ትናንት ማታ ደግሞ ደረቱን ይዞ «ልቤ ይዘልላል» አለኝ።

ይበልጥ ያስፈራኝ ልጁ በ11 ዓመቱ በቶንሲል ሰበብ የመጣ የልብ ሕመም እንዳለበት ተነግሮን ከዚያ ወዲህ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ መሆኑ ነው። ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ ብጠይቅ፣ ያገኘሁት ሰው ጠርሙሱን እንኳ ሳያገላብጥ «የቫይታሚን ዓይነት ነው፤ አይጎዳውም» ብሎ መለሰኝ። ይህ ነገር መድኃኒት ነው ወይስ ዕፅ? ልቡንስ ይጎዳዋል? በአንድ ጊዜ ቢያቆመውስ ምን ይደርስበታል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ የመድኃኒቱን ምንነት ሌሎች ያብራሩታልና እኔ በሚያስቸኩለው ልጀምር። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አንድም ክኒን እንዳይወስድ ያድርጉ፤ ነገ በጠዋትም ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ያለ ልብ ሐኪም ምርመራና ፈቃድ መውሰድ የለበትም።

ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። በቶንሲል ሰበብ የሚመጣው፣ እኛ ሩማቲክ የምንለው የልብ ሕመም ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው በግራው የልብ ክፍል ያለውን ሚትራል የተባለ በር ነው። በሩ ሲጠነክርና ሲጠብብ፣ ደም ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ጊዜ የሚያገኘውም በሁለት ምቶች መካከል ባለችው የዕረፍት ቅጽበት ነው። አምፌታሚን የልብ ምትን ሲያፈጥን የምታጥረው ያችው ቅጽበት ናት። ስለዚህ ደሙ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ በሳንባ ላይ ጫና ይፈጥራል፤ ሰውየው ደረጃ ሳይወጣ፣ ሸክም ሳይሸከም ትንፋሽ ያጥረዋል። የልብ ምት ሥርዓቱን ስቶ መንጰርጰርም ሊከተል ይችላል። የወንድምዎ በር ምን ያህል እንደ ተጎዳ በኢኮ፣ ማለትም ልብን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው ምርመራ እንጂ በግምት አይታወቅም፤ ምናልባት ጉዳቱ ቀላል ይሆናል፤ ሳይታወቅ ግን መድፈር አይገባም።

ዛሬ ማታ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ የእጁን የደም ሥር ይዘው ለአንድ ደቂቃ ምቱን ይቁጠሩ። ከ120 ካለፈ፣ ወይም ሲተኛ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ ሰውነቱ እጅግ ከጋለ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም የሌለ ነገር ከታየውና ከተሰማው ንጋትን ሳትጠብቁ አሁኑኑ ውሰዱት። ለሚያየው ሐኪም የመድኃኒቱን ስምና የወሰደውን መጠን ሳትደብቁ ንገሩት፤ ከሐኪም የተሰወረ ክኒን ምርመራውን ሁሉ ያሳስታልና። የፔኒሲሊን መርፌው ከዚህ ጋር የሚጋጭ ስላልሆነ ቀኑን እንዳያሳልፍ አደራ።

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

በሙያ ባልደረባዬ ስም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ጠርሙስ ሳያነቡ መልስ መስጠት ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው። አዴራል ቫይታሚን አይደለም። አራት የአምፌታሚን ጨዎች በአንድነት የተቀመሙበት፣ በብዙ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። «መድኃኒት ነው ወይስ ዕፅ?» ላሉት፣ የሚለየው ቅመሙ ሳይሆን ለማን፣ በምን መጠን፣ በማን ክትትል መሰጠቱ ነው። የ1971ዱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ (በአእምሮ ላይ የሚሠሩ) ንጥረ ነገሮች ስምምነት አምፌታሚንን በሁለተኛው መደብ ያስቀመጠው የሕክምና ጥቅሙንም የሱስ አደጋውንም በማየት ነው።

ታሪኩ ራሱ የሚያስተምር ስለሆነ ጥቂት ልበል። አምፌታሚንን መጀመሪያ የሠራው ላዛር ኤዴሌያኑ የተባለ ሮማንያዊ ኬሚስት ሲሆን ጊዜው 1887 (እ.ኤ.አ.)፣ ቦታው በርሊን ነበር። ከዚያ በኋላ ለዐርባ ዓመታት ያህል ፈላጊ አላገኘም። በ1930ዎቹ ግን ቤንዘድሪን በሚል ስም ለአፍንጫ መታፈን በሽታ የሚሳብ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በምርመራ ምክንያት ራሳቸውን ለሚያማቸው ልጆች ይህንኑ ሰጣቸው። ራስ ምታቱ ባይሻላቸውም፣ ይቅበጠበጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ረጋ ብለው ትምህርታቸውን መከታተል ጀመሩ። ዛሬ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ለምንለው የሚሰጠው ሕክምና መነሻው ይህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች እንዳይተኙ ተሰጣቸው፤ ከጦርነቱም በኋላ ክብደት ለመቀነስ በገፍ ሲታዘዝ ቆይቶ ጉዳቱ ሲበዛ ቁጥጥሩ ጠበቀ። አሁን በዋናነት የሚታዘዘው ለዚሁ የትኩረት ችግርና ናርኮሌፕሲ ለተባለው፣ ሰውን በቀን በድንገት በእንቅልፍ ለሚጥለው ሕመም ነው።

በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች ከነርቭ ጫፎች ገፍቶ በማውጣትና ተመልሰው እንዳይገቡ በማገድ ነው። ኖርአድሬናሊን በአንጎል ብቻ አይወሰንም፤ ልብን ያፈጥናል፣ ደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ አፍን ያደርቃል። መጠኑን በተመለከተ፣ በትኩረት ችግር ለተያዘ የትምህርት ቤት ልጅ ሕክምናው የሚጀመረው በ5 ሚሊ ግራም ሲሆን ጭማሪውም በየሳምንቱ እየታየ ነው። ወንድምዎ ከመጀመሪያው ቀን 20 ሚሊ ግራም ወስዷል። ከአምፌታሚን ዋናው ክፍል ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 10 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የተዋጠ ክኒን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ገና በግማሽ ኃይሉ አለ ማለት ነው። እንቅልፍ ቢያጣ ምን ያስደንቃል?

የአራቱን ደብተሮች ነገር ሳነብ ከልቤ አዘንሁ። ይህ መድኃኒት ሰው የያዘውን ሥራ እንዳይለቅ ያደርገዋል እንጂ ሥራው የሚጠቅም መሆኑን አያስተውልለትም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ ሰዎች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ወስደው ከባድ የስሌት እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ተደርጎ ነበር፤ ብዙ ደከሙ፣ ረጅም ጊዜም ወሰዱ፣ የድካማቸው ጥራት ግን ቀነሰ።

ከሌሎች ነገሮች ጋር ስለ መቀላቀሉም ይጠንቀቁ። ትራማዶል አብሮ ከተወሰደ የመንቀጥቀጥ አደጋ ይጨምራል፤ ለጨጓራ ተብሎ የሚጠጣ የሶዳ ዱቄትም (ሶዲየም ባይካርቦኔት) መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዲበዛና እንዲቆይ ያደርገዋል። በእኛም አገር የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ እንጂ በዘመድ እጅ አይሰጡም፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለዚህ የሚደነግገውን ማንም መድኃኒት ቤት ሊያስረዳዎት ይገባል።

መልስ፦ እናት፣ የቢቸና ተወላጅ፣ በውጭ አገር የምኖር

አክስታችሁን አትፍረዱባት፤ የእኔም ልጅ ይህንኑ ስለሚወስድ ልቧ ይገባኛል። ሆኖም ያልነገረቻችሁ ነገር አለ። ልጄ ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት አስተማሪዎቹም እኔም ረጅም መጠይቅ ሞልተናል፤ ሐኪሙ ችግሩ ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመረና በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታይ መሆኑን አጣርቷል፤ በቤተሰባችን በልጅነቱ በድንገት በልብ ሕመም የሞተ ሰው እንዳለም ጠይቆኛል። አሁንም በየጊዜው ቁመቱ፣ ክብደቱና ደም ግፊቱ ይለካል፤ መድኃኒቱ ዕድገትን ሊያዘገይ ይችላልና። ቁርሱን ክኒኑ ሳይሠራ በፊት አስጠግቤ አበላዋለሁ፤ እራቱን የሚበላው ከመሸ፣ ኃይሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጠርሙሱንም ቆልፌ አስቀምጣለሁ፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ «አንድ ሽጥልኝ» ብለውት ያውቃሉ። ልጄ በዚህ መድኃኒት በእውነት ተጠቅሟል፤ መኪና ሳያይ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ ነበር። በእርሱ የሠራው ግን ለእናንተ ልጅ አልተለካም።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከቡሬ

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። ጭኜ ሌሊት የዓባይን በረሃ ስወርድ እንቅልፍ ያስቸግረኛል፤ ጫት ደግሞ ጨጓራዬን አቃጥሎታል። ይህ ክኒን ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ የመድኃኒት ባለሙያው

አይሆንም፣ ወንድም ጋሼ። ያንቀላፋው አካልዎ ዕረፍት ስላጣ ነው፤ ክኒኑ ድካሙን አያጠፋም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ኃይሉ ሲያልቅ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ደጀን ላይ ቆመው ሁለት ሰዓት ይተኙ። ቀን በቂ ተኝተውም እንቅልፉ ከመጣ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

መልስ፦ መምህር፣ ከሞጣ

ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ልጅነቴም በቅኔ ቤት ነው ያለፈው። ትምህርትን በሚዋጥ ነገር የመግዛት ምኞት ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በእኛ ጊዜ «እገሌ አብሾ ጠጥቷል» ይባል ነበር፤ አብሾ የጠጣ ተማሪ አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም፣ ነገር ግን ጠላ ሲቀምስ ያብዳል እየተባለ። እውነቱን ለባለሙያ ትቼ፣ ያን ወሬ ያወሩ የነበሩት ሰዎች ጥቅሙን ከጉዳቱ ሳይነጥሉ ማውራታቸውን ብቻ አነሣለሁ። አክስትዬዋ የነገረቻችሁ ግማሹን ነው።

ጫትም ቢሆን የሩቅ ዘመድ አይደለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአሠራሩ የአምፌታሚን ወንድም ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ነጋዴው ለምለሙን በኮባ ጠቅልሎ የሚሮጠው። ተማሪዎቼ ምርቃናውን ያውቁታል፤ ማግስቱን የሚመጣውን ዱካክም ያውቁታል። ወንድምህ ክኒኑን ሲተው የሚገጥመው ከዱካክ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይመስለኛል፤ ዶክተሩ ያርሙኝ። ክኒኑን ካስቆማችሁት በኋላ ወደ ጫት ዞር እንዳይል ግን ዓይናችሁ አይለየው፤ ለልቡ ያው ነው።

መልስ፦ ሐኪሙ ከፍኖተ ሰላም በድጋሚ

የኔታ፣ የሚታረም ነገር የለም። ሦስት ሳምንት የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆመው ለሕይወቱ አያሰጋም፤ ለጥቂት ቀናት ብዙ ይተኛል፣ ብዙ ይበላል፣ ይከፋዋል፣ ይሰላቻል። ከፋው ብላችሁ አትቆጡት፤ ብቻውንም አትተዉት። ስለ ሞት ከተናገረ፣ ወይም ሰው ይከታተለኛል ካለ፣ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ይየው።

ከአራት ቀን በኋላ፦ ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያ ሌሊት ምቱን ብቆጥር 112 ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት። በማግስቱ ሆስፒታል ኢሲጂ (የልብ ምትን በወረቀት የሚሥል ምርመራ) ተነሣለትና ምቱ ፈጣን ቢሆንም ሥርዓቱን እንዳልሳተ ነገሩን። ኢኮው ሚትራሉ መጠነኛ ጥበት እንዳለው አሳይቷል፤ ሐኪሟ ክኒኑን ከእንግዲህ እንዳይነካ በካርዱ ላይ ጽፋለታለች፤ የክትትል ቀጠሮም ሰጥታዋለች። የቀሩትን 17 ክኒኖች ለሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ቆጥሬ አስረከብሁ። አክስቴ ስደውልላት መጀመሪያ ተቀየመች፤ የልቡን ነገር ከነጭራሹ አታውቅም ነበርና ኋላ ላይ አለቀሰች። እኛም አልነገርናትም።

ልጁ አሥራ አራት ሰዓት ተኝቶ ተነሣ። ሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም፤ ደብተሮቹንም አልነካም። ዛሬ ጠዋት እናቴን «ፍርፍር የለም ወይ?» አላት፤ ከበላ በኋላም አራቱን ግልባጮች አውጥቶ ሲያነጻጽር፣ በሦስተኛው ላይ አንድ ቀመር ተሳስቶ መጻፉን አግኝቶ አሳየኝ። በአራተኛውም ያንኑ ስሕተት ደግሞታል።