እናቴም በእጇ የምታዞረው ስማርት ቴርሞስታት አለ?

የእናቷ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን የሚሞቀው በጋዝ ቦይለር ነው፤ ሙቅ ውሃ እየገባ ክፍሉን የሚያሞቅ ስድስት ራዲያተር አለው። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ክብ ማዞሪያ ብቻ ያለው አሮጌ ነው። በስማርት፣ በስልክ በሚታዘዝ፣ ልቀይረው ብዬ ሁለት ሳምንት ሳነብ ከረምኩ። ባነበብኩ ቁጥር ግን ግራ መጋባቴ ባሰ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። 78 ዓመቷ ነው፤ ቀን ቀን ብቻዋን ትውላለች። ስልክ ለመደወል እንጂ ለሌላ አትነካም። ሲበርዳት ግድግዳውን ይዛ ኮሪደር ድረስ ትሄዳለች። ማዞሪያውን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ እያዞረች ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጠቅ ካለ ቦይለሩ ተነሳ ማለት ነው፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ቁጥሩን አታየውም፣ ዓይኗ ደክሟል።

ማታ ስመለስ ሳሎኑ 25 ዲግሪ ሆኖ የእሷ መኝታ ቤት 16 ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ የክፍሏን ሙቀት ማየት፣ ሲቀዘቅዝም ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። ያየኋቸው ብዙዎቹ ግን ሁሉም ነገር በአፕ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እናቴ ምን ታደርጋለች? ራዲያተር ላይ ተገጥሞ ሙቅ ውሃውን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ስማርት ቫልቭ ለስድስቱም ልግዛ ወይስ ለእሷ ክፍል ብቻ ይበቃል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ በጣም ነው የሚያሳስበኝ።

መፍቻ፦

እህቴ፣ ሃያ ዓመት ማሞቂያ ስገጥምና ስጠግን ነው የኖርኩት። አፑን ለጊዜው ተዪው፤ ከእናትሽ ክፍል ጀምሪ። ቦይለሩ እየሠራ ራዲያተሩን ከላይም ከታችም ዳስሺው። ላዩ ቀዝቃዛ፣ ታቹ ሙቅ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ቦይለሩን አጥፍተሽ እስኪበርድ ጠብቂ። ከዚያ ከራዲያተሩ ጎን በላይ በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን ግማሽ ዙር ፍቺያት። አየሩ እየፏጨ ይወጣል፤ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ዝጊው። የቦይለሩን ግፊትም እዪ። ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ነው። የሚቀዘቅዘው የራዲያተሩ ታች ከሆነ ግን ዝቃጭ ነው፤ መታጠብ ይፈልጋል። ይኼ ሳይስተካከል የሚገዛ ስማርት ዕቃ ክፍሉን አያሞቀውም።

ቫልቭ ሙቅ ውሃ ይዘጋል እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ስለዚህ ቫልቭ የሚያስፈልገው የሚግለው ሳሎን ነው። የእናትሽን ራዲያተር ሙሉ በሙሉ ክፍት ተዪው። ቴርሞስታቱ የሚለካውን ሙቀትም ከእሳቸው ክፍል አድርጊው። ለብቻው ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሽቦ አልባ መለኪያ ያላቸው አሉ። ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ይበል፤ ፀሐይና ነፋስ አይምታው። መለኪያው ባለበት ክፍል ቫልቭ አታድርጊ። ቫልቩ 20 ላይ ዘግቶ ቴርሞስታቱ 21ን ቢጠብቅ ቦይለሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይውላል።

ሽቦውም አለ። አንዳንዱ ቴርሞስታት በ24 ቮልት ይሠራል፣ አንዳንዱ በ230። ካልተገጣጠመ ዕቃው ይቃጠላል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። የቦይለሩን መመሪያ አውጪና ኦፕን ተርም የሚል ካለ ፈልጊ። ካለው ቴርሞስታቱ ቦይለሩን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ውሃው ምን ያህል ይሙቅ ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሙቀቱ አንዴ ግሎ አንዴ አይወርድም፣ ጋዝም ይቆጥባል።

ሁለተኛ ፎቅ፦

የእኔን ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት የገዛሁት ቴርሞስታት ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ሁሉም በስልክ ነው። አንድ ቀን ድርጅቱ ሰርቨሩን ዘጋ። አፑ መሽከርከር ጀመረ፣ በዚያው ቀረ። ልጆቼ ጃኬት ለብሰው አደሩ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ትልልቆቹም ጋ ያለ ነገር ነው። ጎግል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልድ የኔስት ቴርሞስታቶች እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 25 ቀን 2025 ጀምሮ ከአፑ አለያይቷቸዋል። እነሱ ግን ግድግዳው ላይ በእጅ ሲያዞሯቸው ይሠራሉ። አንቺም የምትፈልጊው ይኼንን ነው። ሱቅ ውስጥ ስትጠይቂ "ራውተሩን ብነቅለው ምን ይሠራል?" በይ። የተለያዩ ድርጅቶች ስማርት ዕቃዎች አብረው እንዲሠሩ የሚያደርገውን ማተር የሚባል መስፈርት የሚደግፍ ካገኘሽ ደግሞ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ ስለሚሠራ የአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ አትንጠለጠዪም።

ሶኬት፦

አንድ ነገር ብቻ። የእናትሽ ክፍል በረደ ብለሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በስማርት ፕለግ፣ በስልክ በሚበራና በሚጠፋ ሶኬት፣ እንዳትሰኪ። 2000 ዋት ማሞቂያ በ230 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። የእኔ ፕለግ ላዩ 10 አምፔር ይላል። ጠረን ሸቶኝ ስነቅለው አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ ለስልሶ አገኘሁት። ደግሞ ከሥራ ቦታ ሆነሽ ስታበሪው ፊቱ ላይ ብርድ ልብስ ይውደቅ አይውደቅ አታዪም።

የእናቷ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ራዲያተሩን ዳሰስኩት፤ ላዩ በረዶ ነበር። አየሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ ፏጨ። ትናንት ማታ የእናቴ ክፍል 19 ደርሶ አደረ፣ ገና ምንም ሳልገዛ! መመሪያው ላይም ኦፕን ተርም የሚል አገኘሁ። ማዞሪያ ያለው፣ ቁጥሩም ትልልቅ የሆነ አንድ ቴርሞስታት መርጫለሁ። መፍቻ፣ አንድ ነገር ግን ቀረኝ፦ አዲሱም ጠቅ ይላል?

መፍቻ፦

ጠቅ የሚለው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። በኦፕን ተርም የሚሄደው መልእክት ስለሆነ ድምፅ የለውም። ሲዞር ድምፅ የሚሰጥ ማዞሪያ ያላቸው ስላሉ ሱቅ ስትሄጂ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፣ ራሳቸው አዙረው ይስሙት።

የእናቷ ልጅ፦

ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ነግሬያታለሁ፣ ጫማዋን ከአሁኑ አውጥታ በር ላይ አስቀምጣለች።