ፈንሃውስ ፒንቦል፦ ሁለቱን ፍሊፐር ስጫን ጠፍቶ ይነሳል

ጥያቄ፦ ማሽኑ የ1990 ዊሊያምስ ፈንሃውስ ነው። ዝም ብሎ ሲቆም ደህና ነው፤ ሁለቱን ፍሊፐር (ኳሱን የሚመቱትን ክንዶች) አንድ ላይ ስጫን ግን ጨዋታው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይነሳል። የተቃጠለ ፊውዝ የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ ከ5 ቮልቱ፣ ማለትም ሲፒዩውን (የማሽኑን አንጎል) ከሚያንቀሳቅሰው ኃይል። መልቲሜትርህን ዲሲ ላይ አድርገህ ሲፒዩ ቦርዱ ላይ ለካ፤ ከ4.9 በታች ከሆነ ነገሩ ገብቶሃል። ፍሊፐሮቹ ኃይል ሲስቡ ቮልቱ ወደ 4.6 አካባቢ ይወርድና ቮልቱን የሚጠብቀው ቺፕ ሲፒዩውን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ የኃይል ቦርዱ ላይ ያሉት ቢአር2 ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) እና ቮልቱን የሚያረጋጋው ሲ5 ካፓሲተር (15,000 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት) ናቸው። ሁለቱንም አብረህ ቀይር፤ ለቢአር2 ባለ 35 አምፔር 400 ቮልት ይሁን። አሮጌውን ጎትተህ አታውጣ! መጀመሪያ እግሮቹን ቁረጥ፣ ከዚያ አንድ በአንድ በሶልደር ማቅለጫ ብረት አሙቀህ ሳብ። አለዚያ የቀዳዳው መዳብ አብሮ ይነቀላል።

መልስ 2፦ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ማገናኛዎቹን እይ። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ጄ101፣ ወደ ሲፒዩ የሚሄደው ጄ114፣ እዚያም ጄ210። ቡናማ የሆነ ፕላስቲክ ወይም ዙሪያውን የተሰነጠቀ ሶልደር ካለ ፒኑንም ሶኬቱንም ቀይር፤ አንዱን ብቻ መቀየር ድካም ነው። ደግሞ ትራንስፎርመሩ ለስንት ቮልት እንደታሰረ አረጋግጥ፤ ለ240 ታስሮ ግድግዳው 210 ከሰጠ ሁሉም ነገር ዝቅ ይላል።

ጠያቂ፦ 5 ቮልቱን የሚተካ ትንሽ ቦርድ ይሸጣል ይላሉ። ያዋጣል?

መልስ 1፦ መነሳቱን ያቆማል፣ የተቃጠለውን ማገናኛ ግን አይጠግንም።

መልስ 3፦ እግረ መንገድህን ሲፒዩ ቦርዱ ላይ ያሉትን ሦስቱን የባትሪ ድንጋዮች እይ። አፍስሰው ከሆነ አቼቶ በውኃ እኩል በጥብጠህ በጥርስ ብሩሽ እሸው፣ በውኃ እጠብ፣ በአልኮል አድርቅ። አዲሶቹን ከቦርዱ ውጭ በሽቦ አውጥተህ ግጠም።