ማውዝል ያለው ሺፕ ኢን ፐብ፦ ዲሴምበር 19 ብንሄድ ነውር ነው እንዴ?

ሚሚ ዘለንደን፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እኔና ባለቤቴ ኮርንዎል (የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ) ልንሄድ ነው፣ ፔንዛንስ አጠገብ ማውዝል የምትባል ትንሽዬ የአሳ አጥማጆች ከተማ አለች (ሲጻፍ የአይጥ ጉድጓድ ነው የሚለው፣ ሲነበብ ግን ማውዝል ነው ሃሃ) እና ወደቡ ዳር ሺፕ ኢን የሚባል የድሮ ፐብ ቁጭ ብሎ የገና መብራት ማየት አሪፍ ነው ብለውናል። የሚመቸን 19 ነው፣ ለአንዷ የሥራ ባልደረባዬ ስነግራት ግን ፊቷ ልውጥ አለና "ያን ቀን መብራቱ ይጠፋል" ብላኝ ዝም። ነገሩ ምንድነው? ደግሞ ጾም ላይ ነኝ፣ የሚበላ አገኛለሁ?

ፕሊመዝ ነኝ፦
ሚሚዬ ልክ ብላሻለች። በፈረንጆቹ 1981 በዛ ቀን ማታ ዩኒየን ስታር የምትባል የጭነት መርከብ ሞተሯ ጠፍቶ ማዕበሉ ወደ ገደሉ እየገፋት ሳለ 8 በጎ ፈቃደኞች ሶሎሞን ብራውን በምትባል የእንጨት ነፍስ አድን ጀልባ ሊያድኗቸው ወጡ፣ አንድም ሰው አልተመለሰም፣ መርከቧ ላይ የነበሩትም 8ቱ አለቁ። የጀልባዋ አዛዥ ትሬቬልያን ሪቻርድስ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ አንዱን ወጣት አባቱ ስለሚሄድ መልሶታል፣ ልጁ በኋላ እሱ ራሱ የፔንሊ (የዛው አካባቢ የነፍስ አድን ጣቢያ) ጀልባ አዛዥ ሆነ። እና ከሞቱት አንዱ ቻርሊ ግሪንሃው ይባላል፣ የዚሁ የሺፕ ኢን ኃላፊ፣ የዛን ዓመት የገና መብራት ያበራው እሱ ነበር፣ ከሁለት ቀን በፊት! ከአደጋው በኋላ መብራቱ ጠፍቶ ነበር፣ መልሳችሁ አብሩት ያለችው ሚስቱ ሜሪ ናት። ለዛ ነው በየዓመቱ 19 ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት (በነሱ 8 እስከ 9) የሚጠፋው። ነውር የለውም ሂዱ፣ ብቻ በዛች ሰዓት ሳቅና ፎቶ ይቅርባችሁ።

የጣና ልጅ፦
ምግቡን ለኔ ተይው። 23 ላይ ብትሄጂ ስታርጌዚ ፓይ የሚባል በሊጥ የተሸፈነ የአሳ ምግብ ታያለሽ፣ ሰርዲኑ ከነጭንቅላቱ ከሊጡ ብቅ ብሎ ሰማይ ያያል፣ እኔ ባህር ዳር አድጌ የአሳ አይን አያስፈራኝም ነበር ይሄ ግን አስደነገጠኝ። ቶም ባውኮክ የሚባል ሰው ማዕበል አላስወጣ ብሎ ከተማው ሲራብ ብቻውን ወጥቶ ሰባት ዓይነት አሳ ይዞ መጣ፣ ከዛ ነው የጀመረው ይላሉ። ውስጡ እንቁላልም ወተትም ስላለ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ እንኳ አትገቢም። ቺፕስ በይ፣ ግን አሳ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን ጠይቂ።

አንባቢው፦
ስለ ድሮነቱ ካነሳችሁ፣ በፈረንጆቹ 1595 ስፔኖች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ተረፈ የሚባለው የኪግዊን ቤት ነው፣ እሱም በአንድ ወቅት ኪግዊን አርምስ የሚባል ፐብ ነበር፣ አሁን የሰው መኖሪያ ስለሆነ ከውጭ አይታችሁ እለፉ። በብርዱ ወቅት ደግሞ ማዕበል እንዳይገባ የወደቡን አፍ በትልልቅ ግንድ ነው የሚዘጉት፣ በቀን ደርሳችሁ እዩት። መኪና ይዛችሁ እንዳትገቡ ብቻ፣ መንገዱ የበግ መንገድ ነው፣ ከፔንዛንስ አውቶቡስ ያዙ።

ሚሚ ዘለንደን፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳነበው አለቀስኩ በውነት። ባሌ ፓይውን ካላየሁ ብሎ 23 ይሁን እያለ ነው፣ እኔ ግን 19ን አልለቅም። ማታ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ወደ ፔንዛንስ የሚመለስ አውቶቡስ እናገኛለን ወይስ እዛው እንደር?