ልጅቷ «እሺ» አለች፤ ግን እሺ ማለቷ ነው?

ጠያቂ፦ በደቡብ ወሎ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። እናቷ የሞተችባትን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘመዶች አዲስ አበባ ላለች አክስቷ ለመስጠት ተስማምተዋል። አጎቷ ባለበት ስጠይቃት «እሺ» አለች። እሱ ሲወጣ ግን የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች «ለአያቴ ውኃ ማን ይቀዳላታል?» አለችኝ። ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ በእኛ አገር ልጅ ለትልቅ ሰው የሚሰጠው «እሺ» ከሰላምታ አይዘልም። የውኃውን ነገር በራሷ ቃል ጻፊው፤ «ለመሄድ አልፈለገችም» ብለሽ አትተርጉሚባት። እኔ እንዲህ ላለች ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ የምትተኛበትን ቤት እንድትሥል አደርጋለሁ። አንዷ አልጋውን ከበሩ ውጭ ሣለችው፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መልስ 2፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እኮ ፍርድ ቤት ጉዲፈቻን ሲያጸድቅ የልጁን አስተያየት እንዲመለከት ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12ም የልጁ ሐሳብ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠው ይላል። ይሁን እንጂ «አክስትሽን ወይስ አያትሽን?» ብለሽ አታስመርጫት። ውሳኔውን የሚሸከሙት አዋቂዎች ናቸው።

መልስ 3፦ አያትየውንስ የጠየቀ አለ?

ጠያቂ፦ አልጠየቅኋቸውም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ልጅቷንም ውኃ ስትቀዳ መንገድ ላይ አነጋግራታለሁ።