የጎረቤቴ የልጅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ፣ ልጅሽ «እኔ የየት አገር ሰው ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅሽ መልስ እንዳጣሽ የጻፍሽውን ካነበብኩ ጀምሮ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። እኔም ልጅ አሳድጋለሁና ገብቶኛል። ምክር የለኝም። ከጎረቤቶቼ ያየሁትን ግን ላጫውትሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የምኖረው ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተን ሃይትስ ነው። እዚህ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሰፈሩ የዶሚኒካኖች ነው። ከሄይቲ ጋር አንድ ደሴት ከምትጋራው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ቁጥራቸው ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። በጋ ሲሆን ሽማግሌዎቹ ሱቅ በራፍ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ከየመስኮቱ ባቻታ የሚባለው ዘፈናቸው ይሰማል። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ልጆቻቸውን ባየሁ ቁጥር የእኛዎቹ ይታዩኛል።

አንድ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ 80 ያለፋቸው እናት ናቸው። እኛ «እማማ» እንደምንለው እዚህ «ዶኛ» ይባላሉ። የልጅ ልጃቸው እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ገና በሩን ስትከፍት «ሲዮን!» ትላለች። ሙሉ ቃሉ «ቤንዲሲዮን» ነው፤ ይመርቁኝ እንደማለት። ዶኛም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ» ይሏታል፤ እግዜር ይባርክሽ። ስልክ ሲደዋወሉም መጀመሪያ የሚባባሉት ይህንኑ ነው። ስፓኒሽ የጠፋባቸው ልጆች ሁሉ ይቺን ቃል ይዘዋታል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ጉልበታቸውን ስሜ ምርቃት የምቀበላቸው አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

ልጅቷን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሳንቲያጎ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ የአክስቷ ልጆች «ዶሚኒካንዮርክ» ይሏታል፤ የኒውዮርክ ዶሚኒካን እንደማለት። ስፓኒሿ ይሰባበራል፣ አካሄዷም ፈረንጅኛ ነው ብለው። እዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት «ጥቁር ነሽ ወይስ ላቲና?» ትባላለች። እነሱ ለዚህ አባባል አላቸው፤ «ኒ ዴ አኪ፣ ኒ ዴ አያ» ይላሉ። ከዚህም አይደለሁ፣ ከዚያም አይደለሁ ማለት ነው።

የፀጉሯም ነገር አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ወስደው ያስተኩሷት ነበር። ከርዳዳ ፀጉር በእነሱ ቋንቋ «ፔሎ ማሎ» ይባላል፤ ቃል በቃል መጥፎ ፀጉር ነው። ሉጫው «ጥሩ ፀጉር» ነው። ልክ አሥራ ስምንት ሲሞላት መተኮሱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ቤቱ ተረበሸ። ዶኛ «ሰው ምን ይለናል!» ብለው ያዘኑት ሐዘን እኔ ቤት ድረስ ተሰምቷል።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች። እዚሁ ሃርለም፣ ሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ የዶሚኒካን ጥናት ተቋም አለ። ቤተ መጻሕፍትና የታሪክ መዛግብት አለው። በየሳምንቱ እየሄደች ያገኘችውን ደረጃው ላይ ቆማ ትነግረኝ ነበር። በ1521 በዚያች ደሴት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በኮሎምበስ ልጅ የስኳር እርሻ ላይ እንዳመፁ ያነበበችው እዚያ ነው። ቪላ ሜያ በሚባል ቦታ ዛሬም የኮንጎ ከበሮ የሚመታ ማኅበር እንዳለም እዚያ አወቀች። ከሁሉ ያስደነቃት ደግሞ ኹዋን ሮድሪጌዝ ነው። ይህ ሰው ዛሬ ዋና ከተማቸው ከሆነችው ከሳንቶ ዶሚንጎ በመርከብ መጥቶ በ1613 ማንሃታን ላይ የቀረ ክልስ ነው። ከአገሩ ባለቤቶች ከቀይ ሕንዶቹ ሌላ እዚህ መኖር የጀመረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል። ብሮድዌይ ከ159ኛው እስከ 218ኛው መንገድ ድረስ በስሙ ተሰይሟል። «ዕድሜዬን ሙሉ በስሙ ላይ ስረማመድ ማንም አልነገረኝም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ ልውሰድሽ። በጾማቸው ወቅት «አቢቹዌላስ ኮን ዱልሴ» የሚባል ጣፋጭ ይሠራሉ። ቀይ ቦሎቄ ተቀቅሎ ይፈጭና ይጠለላል። የኮኮናት ወተት፣ የላም ወተት፣ ስኳር፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት እሳት ላይ ይማሰላል። ስኳር ድንችና ዘቢብ ይጨመርበታል። ሲቀርብ ላዩ ላይ ትንንሽ ብስኩት ይደረግበታል። በትልቅ ድስት ተሠርቶ ለጎረቤት ይታደላል። እኔ በጾም ወተት እንደማልቀምስ ስለሚያውቁ ድርሻዬን ለፋሲካ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩልኛል።

ባለፈው ዓመት ልጅቷ እያማሰለች ነበር፣ እኔ ዕቃ ልመልስ ገብቼ ተቀምጫለሁ። «አያቴ፣ ግን ለምንድን ነው የመጣችሁት?» አለቻቸው። ዶኛ ሁልጊዜ መልሳቸው «ለሥራ» ነበር። የዚያን ቀን ግን ዝም አሉ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ወንበር ሳቡ።

ትሩሂዮ የሚባል አምባገነን ከ1930 እስከ 1961 አገሪቱን ገዝቷል። ዶኛ ልጅ ሳሉ ቤታቸው ግድግዳ ላይ «በዚህ ቤት አለቃው ትሩሂዮ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ካልሰቀልክ ትጠረጠራለህ። አባታቸው መኝታ ቤት ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። አንድ አጎታቸው ተወስዶ በዚያው ቀረ። ትሩሂዮ ተገደለ፣ በ1965 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፣ የአሜሪካ ጦር ገባ። ቪዛ በብዛት ይሰጥ የጀመረው ያኔ ነው። እሳቸውም ያኔ ወጡ።

ከዚያ ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። ቤተሰባቸው ከዳሃቦን፣ ከሄይቲ ድንበር ነው። በ1937 ትሩሂዮ በዚያ ድንበር በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲያውያንን አስፈጅቷል። የዶኛ ሴት አያት የሄይቲያውያን ቋንቋ የሆነው የክሪዮል ተናጋሪ ነበሩ። ከዚያ ዓመት በኋላ በቤታቸው ክሪዮል አልተነገረም፤ ስለ አያትየዋም አልተወራም። ልጅቷ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ዶኛ እጃቸውን ዘርግተው ያንን ለዓመት የተጣሉትን ፀጉር ዳሰሱት። «የእሷ ነው» አሉ።

እህቴ፣ ስለ ዜግነት ወረቀቱም ጽፈሽ ነበር። ዶሚኒካኖች ከ1994 ጀምሮ ሁለት ዜግነት መያዝ ይችላሉ፤ ከ2004 ወዲህ ደግሞ ካሉበት አገር ሆነው ይመርጣሉ። እኛ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው ያለን። እሱ ደግሞ አያስመርጥም። ይህ ቢስተካከል ለልጆቻችን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ወረቀትም ሁሉን አይፈታም። በ2013 የዶሚኒካን ፍርድ ቤት እዚያው ለተወለዱ፣ ወረቀት ከሌላቸው የሄይቲ ስደተኞች ለሚወለዱ ብዙ ሰዎች ዜግነት አይገባችሁም ብሎ ወስኗል። ልጅቷ ይህን ስታነሣ ትንገበገባለች። «እኔ ኒውዮርክ ተወልጄ ዶሚኒካን ነኝ፣ እነሱ እዚያው ተወልደው አይደሉም» ትላለች።

የልጅሽን የአማርኛ ትምህርት በርቺበት። ዶሮ ወጡንም፣ ጥምቀቱንም። እኔም ያንን ሁሉ አደርጋለሁ። የአባቴን ታናሽ ወንድም ነገር ግን ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ፎቶው ሳጥን ውስጥ ነው። ልጆቼ አባቴ ለምን በዓል ሲመጣ እንደሚከፋው አያውቁም ነበር።

ከዶኛ ቤት በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ፎቶውን አወጣሁት። የ13 ዓመቱ ልጄ ስልኩን አስቀምጦ መጣ። ብዙ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ሲያየው ቆየና «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ፤ በአማርኛ።