ለልጅ የኩላሊት ቀዶ ሕክምና፦ የውስጥ ስቴንት ወይስ የውጭ ቱቦ?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ። የ3 ዓመት ልጅ የሆነው የወንድሜ ልጅ፣ ግራ ኩላሊቱ ከሽንት ቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቦ ሽንት ስለሚቋጥር ፓይሎፕላስቲ (የጠበበውን ቦታ ቆርጦ መልሶ የመስፋት ቀዶ ሕክምና) እንዲደረግለት ተወስኗል። ከእናቱ ጋር ከጎጃም መጥተው እኔ ቤት አርፈዋል። ሐኪሙ ስፌቱ እስኪድን ድረስ ወይ ሙሉ በሙሉ ውስጥ የሚቀመጥ ዲጄ ስቴንት የሚባል ስስ ቱቦ፣ ወይ በጎኑ ወጥቶ ከከረጢት ጋር የሚያያዝ ቱቦ ሊደረግለት እንደሚችል ነግሮን አስቡበት ብሎናል። እናቱ ሌሎቹን ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ስለመጣች ቶሎ መመለስ ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ ዳግመኛ ሰመመን መውሰዱ ያሳስበኛል። የምታውቁ ብታስረዱን።

መልስ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም

እግዚአብሔር ይማርላችሁ። የሁለቱ መንገዶች ውጤት ተቀራራቢ ነው፤ ስቴንት ሳይቀመጥላቸው የሚድኑ ልጆችም አሉ። ልዩነቱ ያለው ቱቦው መቼና እንዴት ይወጣል በሚለው ላይ ነው። ዲጄ ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ ስስ ቱቦ ሲሆን አንዱ ጫፍ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ ከረጢት ሳይንጠለጠልበት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ በሽንት መውጫው በኩል በሚገባ ካሜራ ስለሚወጣ፣ በዚህ ዕድሜ ዳግመኛ ሰመመን ያስፈልገዋል። የውጭው ቱቦ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በተመላላሽ ክፍል ያለ ሰመመን ይወጣል፤ ቀድሞ ቱቦው ይታሰርና ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም አለመኖሩ ይታያል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፦ በአንዳንድ ልጆች የሽንት ቱቦው ወደ ፊኛ የሚገባበት ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ ዲጄው አያልፍም፤ በግድ ማሳለፍም ይጎዳል። ስለዚህ ከሐኪማችሁ ጋር የተስማማችሁበት ቀዶ ሕክምናው ላይ ሊለወጥ ይችላል።

መልስ፣ ነርስ

ዲጄ ከመረጣችሁ የሚወጣበት ቀን ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ የእናንተም ስልክ ይመዝገብ። ልጁ ደህና ሲመስል ቀጠሮው እየተገፋ፣ ስቴንቱ ተረስቶ ወራት ሲቆይ ጠጠር ይጋገርበትና ማውጣቱ ራሱ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። ከሩቅ ለሚመጣ ቤተሰብ ትልቁ አደጋ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስቴንቱን ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ከተባላችሁም ርዝመቱና ውፍረቱ በማዘዣው ላይ መጻፉን አረጋግጡ። ለልጆች ርዝመቱ በግምት የዕድሜው ቁጥር ላይ 10 ተደምሮ በሴንቲሜትር ይሰላል፤ የአዋቂው 24 ወይም 26 ሴንቲሜትር ለ3 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ ትርፉ ፊኛውን እየነካካ ቶሎ ቶሎ ያሸናል፣ ያሳምማልም።

መልስ፣ እናት ከልደታ

ለልጄ የተደረገላት የውጭው ነበር። ከባዱ ሌሊቱ ነው፤ ስትገላበጥ እንዳይሳብ ቱቦውን ሆዷ ላይ በፕላስተር አጣብቀን፣ ከረጢቱን ሁልጊዜ ከወገቧ ዝቅ አድርገን እናስተኛት ነበር። ቀን ላይ ሰፊ ቀሚስ ሸፍኖት ትጫወታለች። ሲወጣ ለአፍታ አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲያው ጡጦዋን ጠየቀች። ቤታችሁ ፒያሳ ከሆነ ለክትትል ቅርብ ናችሁና እናቱን ትንሽ እንድትቆይ ብትለምኗት መልካም ነው።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልን። ከእናቱ ጋር ተነጋግረን የውጭውን እንዲያደርግለት ሐኪሙን ልንጠይቅ ወስነናል፤ ቱቦው እስኪወጣ እዚሁ ትቆያለች፣ ልጆቹን አያታቸው እንድትጠብቅ ደውለናል። ዲጄ የግድ ከሆነ ደግሞ የማውጫው ቀጠሮ በእኔም ስልክ እንዲመዘገብ እናደርጋለን። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ቱቦው ከወጣ በኋላ አልትራሳውንዱ መቼ ይደገማል?

መልስ፣ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም

እንደየሆስፒታሉ ቢለያይም በጥቂት ሳምንታትና በወራት ውስጥ ይደገማል። በመጀመሪያው ምርመራ ኩላሊቱ አሁንም ሰፍቶ ቢታይ አትደንግጡ፤ እብጠቱ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም የጎን ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት።